ኛዱዋልና ኩዋች የተባለው ጋሪ

ስለ ኛዱዋል ስጽፍ ትንሽ እፈራለሁ። የምጽፈው የሁለት የከተማዬ ሰዎች ጸብ ነው፤ ሁለቱም አሉ፣ ሁለቱንም በየቀኑ ሰላም እላለሁ። ቢሆንም ያየሁትን ነው የምጽፈው፣ ከራሴ አልጨምርም።

ኛዱዋል ጋሪ ትሰራለች። ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ፣ እኔ የሞባይል ካርድ ከምሸጥባት ቆርቆሮ ቤት ፊት ለፊት ሼድ አላት። የምትሰራው በሞተር ሳይክል የሚጎተት ባለ ሁለት ጎማ የጭነት ጋሪ ነው። ውሃ ይጭናል፣ በቆሎ ይጭናል፣ ሲሚንቶ ይጭናል። አንዴ ሙሽራ ከነሚዜዋ ጭኖ ሲሄድም አይቻለሁ። ጎማውን ከአሮጌ ባጃጅ ታመጣለች። ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘውን ብረት፣ ሻፍቱን ግን፣ ዝም ብላ አታነሳም። ከተበላሸ የጭነት መኪና የወጣ ድፍን ብረት ካላገኘች ስራ አትጀምርም። ደንበኛ እየነዘነዛት ሶስት ሳምንት እጇን አጣጥፋ ስትቀመጥ አይቻለሁ። "ብረት የለም" ትላለች፤ አለቀ።

ብየዳ የተማረችው ቴክኒክና ሙያ ነው። ከክፍሉ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ሼዱን የከፈተች ሰሞን ወንዶች እየመጡ በብየዳ መነጽሯ ይቀልዱባት ነበር።

"ይሄ መነጽር ያምርብሻል፣ በሰርግሽም አድርጊው!"

"አደርገዋለሁ፤ አንተን ከማየት ያድነኛል" ትላለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

አንድ ጋሪ ስትጨርስ የመጨረሻ ስራ አለ። ኋላው ላሜራ ላይ፣ በቀለም ሳይሆን በብየዳ፣ ጠብ ጠብ እያደረገች ኩዋች ብላ ትጽፋለች። በእጅህ ስትዳስሰው ጎርበጥ ይላል። ኩዋች በኑዌርኛ ነብር ነው፤ እንደ ነብር ጠቃጠቆ ያለበት በሬም ኩዋች ይባላል። በኑዌር ልጅ አድጎ ወንድ ሲሆን በሬ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ እኩዮቹ በበሬው መልክ ይጠሩታል። የኛዱዋል አባት በሬ ጠቃጠቆ ነበር፤ ሰውየውን እስኪሞት ድረስ ኩዋች ነበር የሚሉት። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ጋሪው ላይ የጻፈችው ለዚያ ነው።

ጋሪው ጠንካራ ነበርና ስሙ ከተማውን ሞላው። ሰው "ጋሪ ጥራልኝ" ማለት ተወ። "ኩዋች ጥራ፣ ኩዋች ተከራይ" ሆነ። እሷም ደስ አላት፣ እኔም ደስ አለኝ። ጣጣው በዚያ በኩል እንደሚመጣ ማን ያውቃል።

ባለፈው ክረምት ሙዎች የሚባል ጭነት አመላላሽ በጭቃ ተለውሶ መጣ። ጋሪውን ሁለት ሰው ከኋላው ተሸክመውለታል። በቆሎ ጭኖ የባሮን ድልድይ ሲሻገር ሻፍቱ ለሁለት ተሰብሮ፣ አንድ ጆንያ ወንዝ ገብቷል።

"ኛዱዋል! ይሄ ነው ኩዋች?" ብሎ ጮኸ። "አባትሽም እንዲህ ነበር እንዴ፣ መንገድ ላይ የሚተኛ?"

ሰው ተሰበሰበ። እሷ መሳሪያዋን አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ ጽሑፉን በጣቷ ዳሰሰችው። ልስልስ ነው። ቀለም ነው። ሻፍቱን አየች፤ ሁለት ቀጭን ቧንቧ መሃሉ ላይ ተበይዶ ነው የተቀጠለው።

"የኔ አይደለም" አለች።

"ስሙ ያንቺ ነው!"

"ስሙ የኔ ነው፣ ብረቱ አይደለም። ከማን ገዛህ?"

"ከፈረጅ። ኩዋች ስጠኝ አልኩት፣ ኩዋች ሰጠኝ!"

ኛዱዋል ስድብ አይቸግራትም። ያን ቀን ግን ሙዎችን መልሳ አልሰደበችም። በሰው ፊት አባቷ ተሰድቧል፤ ያውም እሷ ባልሰራችው ብረት። ተነስታ መሃል ከተማ ሄደች። እኔም ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳት።

ፈረጅ ገበያው አጠገብ በርና መስኮት ያሰራል። አባቱ ከወሎ የመጡ ናቸው፣ እሱ የተወለደው እዚሁ ጋምቤላ ነው። መጥፎ ሰው አይደለም። በሩ ላይ አራት አዲስ ጋሪ ቆሟል፤ በአራቱም ላይ በቀይ ቀለም ኩዋች ይላል።

"ጋሽ ፈረጅ፣ ይሄን ስም ማን ሰጠህ?"

"የምን ስም?" ግራ ገባው። "ኩዋች የጋሪው ስም አይደለም እንዴ? ሰው ይመጣል፣ ኩዋች ስራልኝ ይላል፣ እሰራለሁ። በር ስራልኝ ሲለኝ በር እንደምሰራው። ወላሂ ሌላ ነገር አላሰብኩም።"

"የአባቴ ነው። የበሬው ስም ነው።"

ሰራተኛው ኻሊድ ከውስጥ "በሬው ንግድ ፈቃድ ነበረው?" አለ። ሌሎቹ ሰራተኞች ሳቁ። ፈረጅም ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው።

"እህቴ፣ ለሰው ያስለመድሽው አንቺው ነሽ" አላት ቀስ ብሎ። "አሁን የሁሉም ሆኗል። ካልሆነ ንግድ ቢሮ ይዳኘን።"

ቢሮ ሄደች። ፍሬሰንበት የሚባል ሰራተኛ አስቀምጦ በደንብ አስረዳት።

"አይግረምሽ" አላት። "የዓለም ትልልቅ መኪና ሰሪዎችም በዚህ ይካሰሳሉ። አንዱ ለአዲስ መኪናው ስም ያወጣል፣ ሌላው የኔን ይመስላል ብሎ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አንቺን የሚያስቸግርሽ ሌላ ነው። ባጃጅን እዪ፤ የፋብሪካ ስም ነበር፣ አሁን ሶስት እግር ያለው ሁሉ ባጃጅ ነው። ያንቺም ወደዚያ እየሄደ ነው። ቶሎ እናመልክት፣ ምዝገባው አዲስ አበባ ነው።"

"መቼ ያልቃል?"

"ወራት ይፈጃል።"

"ፈረጅ ዘጠኝ ጋሪ ሸጧል። እስከዚያ ቢሰበርስ?"

"ያ የሱ ጥፋት ነው።"

"ሲሰበር የሚጠራው የማን ስም ነው?"

ፍሬሰንበት ፎርሙን ሞላላት፣ ፈረመች። ወረቀቱ እስከ ዛሬ አልመጣም።

በማግስቱ ኛዱዋል አንድ ድፍን ሻፍት ትከሻዋ ላይ ተሸክማ ፈረጅ ጋ ሄደች። በሩ ላይ ስትጥለው ኻሊድ ዘሎ ተነሳ።

"በእኛ በሬው ይቀድማል" አለች። "ስም ከበሬው ጋር ነው የሚመጣው። በሬ የሌለው ስሙን አይዝም። ኩዋች ይሄ ነው ጋሽ ፈረጅ፣ ይሄ ብረት። ይሄ ካለህ ጻፍ፣ አልከለክልህም።"

ፈረጅ ብረቱን በአንድ እጁ ሊያነሳው ሞከረ፣ አቃተው። ሳቀ፤ በራሱ ነው የሳቀው።

"ይሄን ለእያንዳንዱ ጋሪ ከየት አመጣለሁ? ስፈልግ ዓመት ሊያልፍ ነው!"

"እኔ እጠብቃለሁ።"

ፈረጅ አራቱን ጋሪዎች አየና "ኻሊድ" አለ፣ "ግራይንደሩን አምጣና አራቱንም ፋቅ። እኛ በር ሰሪዎች ነን።" ወደ እሷ ዞረ። "የተሸጡትን ግን ምን ላድርግ?"

"ሻፍታቸውን እቀይራለሁ። ብረቱን አንተ ፈልግ።"

"ምን አደከመሽ? እነሱንም እናስፍቃቸው፣ ቀለም እኮ ነው!"

"ሰዎቹ ኩዋች ብለው ነው የገዙት" አለች። "ኩዋች ያገኛሉ።"

ፈረጅ ቃሉን ጠበቀ። ከየጋራዡ ብረት እየለቀመ በባጃጅ ይልክላታል፤ አንዳንዴ ራሱ አምጥቶ ቁጭ ብሎ ያያታል። የመጀመሪያው የሙዎች ጋሪ ነበር። ሙዎች ራሱን እያከከ ቆመ።

"አባትሽን ሰደብኩ" አላት።

"ሰደብክ። ያዝልኝ በዛ በኩል።"

ያዘላት። ቀኑን ሙሉ ሲይዝላት ዋለ።

በሁለት ወር ስምንቱን ጨረሰች። በእያንዳንዱ ላይ ቀለሙን ፍቃ በብየዳ ጻፈችበት። ዘጠነኛው ጠፋ። ስንጠይቅ ዲማ፣ ወርቅ ቁፋሮ ቦታ ተወስዷል አሉን። እኔ እዚያ ላይ ታቆማለች ብዬ ነበር። ዲማ ሩቅ ነው፣ እዚያ ያለ ጋሪ ቢሰበር ማን ይሰማል? እሷ ግን ሻፍቱን አውቶብስ ጣራ ላይ አስራ ሄደች። መንገዱ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀባት።

የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት። ባለጋሪው ከደጋ የመጣ ቆፋሪ ነው፤ ብረት ተሸክማ ሲያያት ሌባ ወይ እብድ መሰለችው።

"ጋሪዬ ምንም አልሆነም፣ አልተሰበረም። ምን ቤት ነሽ?"

"ሳይሰበር ብዬ ነው የመጣሁት።"

እዚያ በጄኔሬተር የሚሰራ በያጅ አለ፤ ለምና መሳሪያውን ወሰደች። ስትጨርስ ሰውየውን ድንጋይ ጫን አለችው። ጫነ። ጨምር አለችው። ጨመረ። ከዚያ እሷ ድንጋዩ ላይ ወጥታ ተቀመጠችና በጣም የተበላሸው መንገድ የቱ እንደሆነ ጠየቀችው።

"ውረጂ ሴትዮ፣ ትሞቻለሽ!"

"ንዳ!" አለችው።

ነዳ። ጋሪው አልተሰበረም። ኛዱዋል ግን ስትመለስ ሶስት ቀን ወገቧን ይዛ ነው ስትበይድ የከረመችው።