የአባቴ መራራ ቸኮሌት

ጥቁር ቸኮሌት ሲከፈት የሚንኮሻኮሸው ወረቀትና ተከትሎት የሚመጣው ያረረ ያረረ የሚል ሽታ፣ ዛሬም ሆሳዕና ከተማ ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ ሲደርሰኝ ይቀፈኛል፣ ተነስቼ መስኮት እከፍታለሁ። ባልደረቦቼ ስልካቸው ላይ ያነበቡትን ይዘው «ክብደት ይቀንሳል፣ ስኳር ያወርዳል» ሲሉ ደግሞ ይብስብኛል።

ቸኮሌቱን ቤታችን ያመጣችው ዱባይ ትሠራ የነበረችው የአባቴ ታናሽ እህት ማርታ ነበረች። ክረምት ነበር፣ እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፣ አባቴም ስኳር እንዳለበት ከተነገረው ገና ሁለት ወሩ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄኛው እንደ ሌላው ቸኮሌት አይደለም፣ እዚያ ለስኳር ብለው ነው የሚበሉት» ብላ አንድ ፌስታል ሙሉ ሰጠችው። አባቴ የሳይንስ መምህር ቢሆንም መራራ ነገር ሁሉ መድኃኒት ነው ሲባል እየሰማ ነበር ያደገው፣ ስለዚህ አንድ ቁራጭ ጎርሶ ፊቱ ሲጨማደድ አመነበት። እኔንም አቀመሰኝ፤ አፈር በኮሶ ለውሼ የበላሁ መሰለኝና በረንዳው ላይ ተፋሁት።

ያን ሰሞን ጤና ጣቢያ አብሬው ስሄድ ነርሷ ለብቻዬ ጠርታ «ቡላና ቅቤ ሲያበዛ ካየሽ ለእናትሽ ንገሪ፣ እሺ? እሱ አይነግራትም» አለችኝ። እሺ አልኳት።

መስከረም ጠብቶ መስቀል መጣ። በሰፈራችን ጎረቤት ሁሉ በየተራ ቤት ለቤት እየዞረ ይበላ ነበር፣ የቀረበን አተካና፣ ያንን በቡላ፣ በወተትና በቅቤ የሚሠራ ገንፎ፣ አልበላም ማለትም ነውር ነበር። እናቴ እንግዳ ለመቀበል ቤት ስትቀር አባቴ እኔን ይዞ ይወጣ ነበር፣ እያንዳንዱ ቤት ከመግባታችን በፊትም አጥር ሥር ቆሞ ኪሱ ውስጥ የቀለጠ ቸኮሌት አውጥቶ ይጎርስ ነበር። «ይሄ ቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል፤ የሚመጣውን ሁሉ ያቃጥለዋል» ይለኝ ነበር፣ ጥርሱ ጠቁሮ፣ ከንፈሩ ዳር ጭቃ የመሰለ ነገር ተለጥፎበት። በዚያው አፉ ገብቶ ቅቤ የዋኘበትን አተካና ይበላ፣ ከፊቱም እያነሳ ያጎርሰኝ ነበር። ቅቤው አገጬ ላይ ሲወርድ እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር ሳስብ ራሴን እጸየፋለሁ። ቤት ስንመለስ እናቴ «አባትሽ ምን በላ?» ትለኝ ነበር፤ እውነቱን ከነገርኳት በማግስቱ ይዞኝ እንደማይወጣ ስለማውቅ «ቀመስ ነው ያደረገው» እላት ነበር።

በዚያ መስቀል አዲስ ጫማ የላጠው የእግሩ ጣት በጥቅምት አልዳነም፣ በኅዳር ጠቆረና መሽተት ጀመረ። እናቴ ጨርቁን ስትቀይርለት አንድ ቀን እንኳ አፍንጫዋን ስትይዝ አላየኋትም፣ እኔ ግን አፍንጫዬን ይዤ ከቤት እሸሽ ነበር። በጋው ሳይወጣ ሆስፒታል ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ። ሐኪሙ የቸኮሌቱን ነገር ሰምቶ «ትንሹ ላይጎዳ ይችላል፣ ግን የተበላን ቅቤና ቡላ የሚያጠፋ ነገር አይደለም» አለው፣ አባቴም እንደ ተማሪ አንገቱን ደፋ።

ዛሬ አባቴ ጡረታ ወጥቷል፣ ስኳሩን በመርፌ ይዞ ቀስ እያለ ይራመዳል። አንዳንዴ ጫማውን ሳስርለት ያ መስቀል ይነሳና «አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂ ነበር» ይለኛል። አውቅ ነበር። ያኔ እናቴን የዋሸኋት ለሆዴ ብዬ ነበር፤ አሁን ጠግቤም አልነግረውም፣ ማሰሪያውን አጥብቄ እስክነሳ ድረስም ቀና ብዬ አላየውም።