በየጎፍ ጫፍ ያስሮጥንበት መስመር

ሥራ የጀመርኩ ቀን አዲስ ጫማ አድርጌ ነበር። ከሆጤ ሰፈር በእግሬ ሄጄ ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ስደርስ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። የቅጥር ደብዳቤዬ «ረዳት ለኪ» ይላል። ሜዳ የምለካ፣ የኳስ መጫወቻ መስመር በኖራ የማሰምር መስሎኝ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ለብዙ ዓመት መንገድ ሥራ ውስጥ ከቀያሾች ጋር የሠሩ፣ በኋላ የተራራ ሩጫ መስመር እንዲያወጡ የተቀጠሩ የመስመር ኃላፊ ናቸው። ከሰላምታ በፊት ጫማዬን አዩ።

«ይኼን ለሠርግ አስቀምጪው። እግርሽ ስንት ቁጥር ነው?»

«ሠላሳ ስምንት።»

ከዕቃ ቤት አርባ ቁጥር የሸራ ጫማ አወጡልኝ። ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቄ አጠለቅሁት።

በዚያው ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ተሳፍረን ሐረጎ ላይ ወረድንና የጎፍ ተራራን መውጣት ጀመርን። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የጎፍን የማውቀው ግን ከመኪና መስኮት ነበር። ጥዱ ውስጥ ስንገባ ላቤ ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘ። ዝንጀሮዎች ከላያችን ሆነው ይጮኹብናል። ጋሽ እንድሪስ የሃምሳ ሜትሩን ሜትር ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው፣ አንድም ጊዜ ሳያርፉ ይወጣሉ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ መሬቱ ከፊቴ አለቀ። ኮምቦልቻ ከታች የክብሪት ቀፎዎች የተበተኑባት ምንጣፍ መሰለች። የቦርከና ወንዝ እንደ ክር ይታያል። ከዚያ አንድ ነገር ከበታቻችን ሲያልፍ አየሁ። ንስር ነው ብዬ ነበር። አውሮፕላን ነው። ኮምቦልቻ ለማረፍ እየወረደ ነው፤ ክንፎቹን ከላይ፣ ከጀርባው በኩል አየኋቸው። በሕይወቴ አውሮፕላን ቁልቁል አይቼ አላውቅም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ጋሽ እንድሪስ አላቻኮሉኝም። ቁጭ ብለው ጠበቁኝና «በይ ጫፉን ያዢ» አሉና የሜትሩን ጫፍ ሰጡኝ።

አሁን ሥራውን የያዛችሁት ወጣቶች በስልካችሁ ትለካላችሁ። እኛ በሜትር ነበር የምንለካው። ረዳቱ ጫፉን ይዞ ይቀድማል፣ ለኪው ጥቅሉን ይዞ ይከተላል። ሜዳ ላይ ሃምሳውን አንድ ጊዜ እንዘረጋለን፤ ቁልቁለት ላይ ሜትሩ እንዳይረግብ አሥር አሥር ሜትር እያደረግን። በየሃምሳው አንድ ካስማ። ምልክቱ ቀይ ጨርቅ ነው፤ ከሯጩ በስተቀኝ፣ በዓይን ትክክል ይታሰራል። መታጠፊያ ላይ ሦስት ጨርቅ፤ ከታጠፉ በኋላ ደግሞ አንድ ብቻ፣ ሯጩ እንዳልተሳሳተ እንዲያውቅ። አንድ መስመር ከመጽደቁ በፊት ሦስት ጊዜ በእግር ይኬዳል፦ አቀበቱን፣ ቁልቁለቱን፣ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ደግሞ ሁለቱንም።

የሶላት ሰዓት ሲደርስ ጋሽ እንድሪስ በእሳቸው በኩል ያለውን ሜትር ድንጋይ ይጭኑበትና «ጫፉን እንዳትለቂው» ብለውኝ ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ ዳቦዬን ከመቁረሴ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ እሳቸው ሜትሩን ይዘው ይጠብቁኛል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠራን። ለኪ ሆንኩ። ዓይናቸው ሲደክም እሳቸው ጡረታ ወጡና የመስመር ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠኝ።

በዚያው ዓመት ሰዓዳን አወቅኋት። ከኩታበር የመጣች ሯጭ ናት፤ ወፍጮ ቤት ትሠራለች። መስመሩን እንድትሞክርልኝ ይዣት ወጣሁ። እኔ ቂጤ መሬት እየነካ የምወርደውን ቁልቁለት ስትሮጠው አየሁ። እጆቿን እንደ ወፍ ዘርግታ፣ ድንጋዩን ሳትረግጥ የምታልፍ ነበር የምትመስለው። ታች ደርሳ ዞር ብላ ስታየኝ እኔ ገና ግማሹ ላይ ነበርኩ።

«ምነው ቆምሽ?» ብላ ጮኸች።

«እያየሁሽ ነው!» አልኳት። ስለካ የኖርኩት መስመር ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የዚያ ዓመት ውድድር ኅዳር ላይ ነበር። እኔ ያወጣሁት መስመር በደኑ ውስጥ ያልፋል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ግን ቢሮ አስጠሩኝ።

«ደን ውስጥ ማን ያያቸዋል? እንግዶች ይመጣሉ፣ ካሜራ ይመጣል። በገደሉ ጫፍ አሳልፊያቸው፤ ከበስተጀርባ ኮምቦልቻ ትታያለች።»

«ጫፉ ሁለት ሜትር እንኳ የማይሞላ ስፋት ያለበት ቦታ አለው። ጉም ከመጣ አይታይም» አልኳቸው።

«ኅዳር ላይ ምን ጉም አለ? እዚህ ላይ ፈርሚ።»

ፈረምኩ። አልጮሁብኝም፣ አላስፈራሩኝም። እሳቸው ኃላፊ ስለሆኑና እኔም ሹመቱ አዲስ ስለሆነብኝ ፈረምኩ።

አዲሱ መስመር ከአንድ ቤተ ክርስቲያን በላይ ባለ የገብስ ማሳ ዳር ያልፋል። ገበሬዎቹን ለማስፈቀድ ሄድኩ። ያገኘሁት የደብሩን ቄስ፣ መምሬ ተገኝን ነው። እሳቸውም ያርሳሉ፤ ሞፈር ሲጠርቡ ነበር። መስቀላቸውን ሊያሳልሙኝ ካወጡ በኋላ ማመንታቴን አዩ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የሆጤ ልጅ ነኝ አባቴ። ቤተሰቤ የወንጌላውያን ጸሎት ቤት ሰዎች ናቸው።»

መስቀሉን መልሰው ከተቱና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጨበጥኳቸው። ማሳው ስለታጨደ በዳሩ ማለፍ እንደሚቻል ነገሩኝ። ከዚያ ወደ ጫፉ አመለከቱ።

«በዚያ ነው የምታስሮጫቸው?»

«ታዝዤ ነው።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አጠበቅሁ። እሳቸውም አልደገሙትም፤ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ጠየቁኝ።

በውድድሩ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ኃላፊው አዩኝና ፈገግ አሉ። አርባ አንድ ሯጮች ተነሡ። ዳኞቹና እንግዶቹ መጨረሻው ላይ ናቸው፤ እኔ መሃል ላይ፣ ደኑ የሚያልቅበት ቦታ ቆሜያለሁ። ሯጮቹ ከተነሡ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከቦርከና በኩል ጉሙ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ኮምቦልቻ ጠፋች። ከዚያ ገደሉ ነጭ ሆነ። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ከፊቴ የነበረው ጥድ ጠፋ። ቀዩ ጨርቅ ጉም ውስጥ ቀይ አይሆንም፤ ጥቁር ቅጠል ነው የሚመስለው። እሱም በሦስት እርምጃ ይጠፋል።

ሬዲዮ የለንም። ፊሽካዬን ነፋሁ፤ ማን ይስማ። የበሬ መንገድ የሚባለውን አቋራጭ ይዤ ወደ ጫፉ ሮጥኩ። «ጌታ ሆይ፣ እኔ ነኝ የፈረምኩት» እያልኩ ነበር የምሮጠው። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ልደርስ ስል ድምፅ ሰማሁ። «በግራ! በግራ! ወደ እኛ አትምጡ!» የሚል የወንድ ድምፅ። ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ፣ «ቢስሚላህ፣ ወደ ግራ!» ይላል። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ።

ተጠጋሁ። ገበሬዎች ናቸው። በገደሉ ከንፈር ላይ፣ ጀርባቸውን ለገደሉ ሰጥተው፣ አንዱ የሌላውን ዱላ ጫፍ ይዞ ተደርድረዋል። ነጭ ጋቢ የለበሰ አለ፣ ሽርጥ ያገለደመ አለ፣ ሁለት ሴቶችም አሉ። ከተረከዛቸው ኋላ ያለው ባዶ ነው። መሃል ላይ መምሬ ተገኝ ቆመዋል።

«መምሬ!» አልኩ።

«አትቁሚ፣ ክፍት ቦታ አለ፤ ግቢበት!» አሉኝ።

በእሳቸውና በአንድ ሽማግሌ መካከል ገባሁ። የዱላ ጫፍ በግራ እጄ፣ ሌላ ዱላ በቀኝ እጄ። ከኋላዬ ቀዝቃዛ ነፋስ ከታች ወደ ላይ ይመጣል፤ ልብሴን ያነሳዋል። ሯጮቹ መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ትንፋሻቸው ይሰማል፣ ከዚያ ጥላ፣ ከዚያ ፊት። ድምፃችንን ሰምተው ወደ ግራ ይታጠፋሉ። እኔ እቆጥራለሁ። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ።

የመጨረሻዋ ሰዓዳ ነበረች። ወድቃ ጉልበቷ ተልጦ ስለነበር ወደ ኋላ ቀርታለች። ከጉሙ ውስጥ ስትወጣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተንሸራተተች፤ በደረቷ ተኝታ ወደ እኛ መጣች። ሽማግሌው ሳይሸሹ፣ እንዲያቆማት እግራቸውን ከፊቷ ተከሉ። መምሬ ጎንበስ ብለው ክንዷን ያዙ። አንድ እግሯ ከገደሉ ወጥቶ ነበር። እኔ ዱላዎቹን ለቅቄ የመምሬን ጋቢ በሁለት እጄ ይዤ ከገደሉ አርቄ ሳብኩ። ሁላችንም በአንድነት ሳሩ ላይ ወደቅን።

ሰዓዳ «አልሃምዱሊላህ» እያለች አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ፣ እያነከሰች ውድድሩን ልትጨርስ ሄደች።

ገበሬዎቹን ቆጠርኳቸው። ሃያ ሦስት ነበሩ። መቁጠር ሥራዬ ስለሆነ እንጂ ያን ጊዜ ቁጥር አልታሰበኝም ነበር።

«ማን አዘዛችሁ?» አልኳቸው መምሬን።

«ማንም። ጠዋት ነፋሱ ከታች ነበረ። እንዲህ ሲሆን ጉም ይወጣል፤ እዚህ ከብት አናሰማራም።» ጋቢያቸውን አራገፉ። «ልጅ ልከን እንዳንነግራችሁ ተነሥታችኋል። ስለዚህ መጣን።»

ዱላቸውን አንሥተው በየመጡበት ተበታተኑ። ሰው ሕይወቱን በአንድ እርምጃ ርቀት አስቀምጦ ለማያውቀው ሰው ሲቆም ያየሁት ያን ጠዋት ነው።

በማግሥቱ ሪፖርት ጻፍኩ። መስመሩ አደገኛ መሆኑን እያወቅሁ እንደፈረምኩ፣ ማን እንዳዳነን ጭምር። ኃላፊው አንብበው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት።

«ማንም አልተጎዳም። ይኼን አስተካክይው።»

«የሚስተካከል የለውም ጌታዬ። የሆነው ይኼ ነው።»

«ራስሽን ነው የምትከሺው።»

«አዎ።»

ሪፖርቱ እንዳለ ወደ በላይ አካል ሄደ። እኔ ወደ ዕቃ ቤት ተዛወርኩ፤ ካስማና ጨርቅ ማደል ሆነ ሥራዬ። ጋሽ እንድሪስ ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ዓይናቸው በደንብ ስለማያይ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው ሰሙኝ።

«ወላሂ እኔ ብሆን መፈረሜን አልጽፍም ነበር» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ፣ «ግን እኔ ብሆን ኃላፊው አያስፈርመኝም ነበር» አሉና ሳቁ። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

ከዓመት በኋላ ወደ መስመር ሥራው መልሰው ጠሩኝ። ያን ጊዜ መስመሩን ብቻዬን አላወጣሁም። መምሬና ሁለት ገበሬዎች ከፊት እየመሩ፣ እኔ ሜትሬን ይዤ ከኋላ እየተከተልኩ፣ ከጫፉ ርቀን በደኑ ውስጥ አሳለፍነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሯጮች የሮጡት በዚያ ነው።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ትእዛዙ የኃላፊው ነበር፤ ፊርማው ግን የእኔ ነበር። እናንተም በእግራችሁ ሄዳችሁ ያላመናችሁበትን መስመር አትፈርሙ።