ዳማን ለማስመለስ የተሸከምኩት አይብ

ፍየል ማለብ የጀመርኩት በተዳርኩ በሳምንቱ ነው። ጣልያን አገሩን ከያዘ ዓመት አልፎታል። አማቴ ማለቢያውን ቅል እጄ ላይ አስቀመጡና፣ «ላሞቹን ጣልያን በልቷቸዋል። የቀሩን ሰባት ፍየሎች ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ አላቢዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ቤታችን ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምትባለው ከተማ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ነበር። በእኛ አገር ላም የለመደ ሰው ፍየል ለማለብ ያፍራል። እኔም እያፈርኩ ቁጢጥ አልኩ። ዳማ የምትባለው ቡናማ ፍየል ቅሉን ረግጣ ደፋችብኝ።

«እምየ፣ ይቺስ ሰይጣን አለባት!»

«ሰይጣንስ የለባትም። ግልገሏን ሳታስቀድሚ መጣሽባት። አንቺስ ብትሆኚ ልጅሽ እየተራበ የጎረቤት ልጅ ታጠቢያለሽ?»

ከዚያ ወዲያ ግልገል ሳይቀምስ አልቤ አላውቅም።

የታለበውን በወይራ በታጠነ ቅል ሁለት ሦስት ቀን አጠራቅማለሁ። ሲረጋ እገፋዋለሁ። የፍየል ቅቤ ጥቂት ነው፤ ለራስ ቅባት እንኳ አይበቃም። ሀብቱ አሬራው ነው። አሬራውን በሸክላ ድስት አድርጌ ፍም ላይ እጥዳለሁ፤ ነበልባል አላስነካውም። ከፈላ አይቡ እንደ ቆዳ ይጠነክራል። ሲንሳፈፍ አውርጄ አቀዘቅዘውና አጓቱን በንጹሕ ጨርቅ አጠልለዋለሁ። አይቡን ጤና አዳም ጣል አድርጌበት በኮባ ቅጠል እጠቀልላለሁ።

ጥሩ ያልኳት ልጄ ሁለት ዓመት ሲሆናት ባሌ ጫካ ከገባ ቆይቷል። በዚያው በጋ ጭቃ ሹማችን እያንዳንዱ ቤት በየሳምንቱ አንድ ድስት አይብ ቡሬ ላለው የጣልያን ሰፈር እንዲያስገባ አዘዙ።

«ጌታው፣ አሥር ላም ያለውም አንድ ድስት፣ ፍየል ብቻ ያለኝ እኔም አንድ ድስት? ይኼ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» አልኳቸው።

«ፍርድ የፈለገ ንጉሡ እስኪመለሱ ይጠብቅ» አሉኝ።

እልኸኛ ነኝና ሁለት ሳምንት ሳላስገባ ቀረሁ። ማክሰኞ ጠዋት አስካሪዎች፣ ለጣልያን ያደሩት ጥቁር ወታደሮች፣ መጡና ዳማን ነዷት። በዚያ ድርቅ ሌሎቹ ነጥፈው ነበር፤ የልጄ ወተት የነበረው የእሷ ብቻ ነው። ጭቃ ሹሙ፣ «እስከ ዐርብ አይቡን ካስገባሽ ትመለሳለች፤ አለዚያ ቅዳሜ ትታረዳለች» ብለው ላኩብኝ።

ባለ ላም ጎረቤቶቼን አሬራ ለምኜ ድስቱን ሞላሁ። ዐርብ ጥሩን አዝዬ፣ አይቡን ተሸክሜ ቡሬ ወረድኩ።

የሰፈሩ በር ላይ ጣልያኑ ወጥ ቤት አይቡን አሸተተና አንድ ነገር ተናገረ። የሚያስተረጉመው ሹምባሹ፣ የአስካሪዎቹ አለቃ ነው። አንገቱ ላይ እንደ እኔ ማተብ አለ።

«አንቺ ቅመሽው ይልሻል።»

«ዛሬ ዐርብ ነው።»

«ዐርብ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። እሱ ግን ባሏ ሽፍታ ነው፣ መርዝ አድርጋበታለች ነው የሚለው።»

«ጾም እንደሆነ ንገረው።»

ነገረው። ጣልያኑ ሳቀና ቢላዋውን አንስቶ ዳማ ወደታሰረችበት በረት ጠቆመ።

«ተይ እንጂ እቴ፤ አንዲት ጉርሻ ናት። ንስሐ ትገቢበታለሽ» አለኝ ሹምባሹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንተ ግባበት! ያዘዛችሁትን አምጥቻለሁ፣ ለፈሪ ብዬ ጾም አልገድፍም» አልኩና ጥሩን ከጀርባዬ አወረድኳት። እሷ ለጾም ገና ናት። ከድስቱ መሐል አንድ ጭብጥ ቆርሼ ሰጠኋት። ሦስት ቀን ወተት ያላገኘች ልጅ ናት፤ እስከ ጉንጯ ተለቀለቀችና እጇን መልሳ ድስቱ ውስጥ ከተተች።

«እም፣ ድገሚኝ!»

ሹምባሹ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ይኼን ሳላስተረጉምም ይገባዋል» አለ። ወጥ ቤቱ ልጄን ትክ ብሎ አያት፤ ቆየና ድስቱን ተቀበለኝ።

ከበረቱ አንዲት ነጭ ፍየል አወጡልኝ። ጎኗ የሞላ፣ ጡቷ የወፈረ ናት።

«ይቺ የኔ አይደለችም።»

«ካንቺዋ ትሻላለች፤ ዝም ብለሽ ንጃት፣ ሞኝ!» አለ ሹምባሹ።

«ባለቤቷም እንደኔ ድስት ተሸክማ ትመጣለች። ያን ጊዜ ምን ልትላት ነው?»

ነጯን ወደ በረቱ መለሳት። ሄዶ ዳማን ራሱ ፈትቶ አመጣልኝ።

ሦስት ቀን ያለባት የለም። አንደኛው ጡቷ ድንጋይ ሆኗል። ቤት ስደርስ በሞቀ ውሃ አሸሁት፣ ቅቤ ቀባሁት፤ አልዳነም። በቀረው ጡት ግልገሏና ጥሩ አደጉበት፤ ያን ዓመት ከዳማ ወተት አይብ አልሠራሁም።

በዚያው ማታ አማቴ የነጯን ወሬ ሲሰሙ፣ «እንዲያ ያለችውን ትተሽ ይቺን ጎደሎ ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ።

«የሰው ናት፣ እምየ።»

የዳማን ጡት ዳሰሱት። «እንዲያ ከሆነ ደግ አደረግሽ» ብለው ውሃውን እንደገና ሊያሞቁልኝ ገቡ።

ፍየል ለምታረቡ የምነግራችሁ ይኼን ነው። ከተያዘችበት ስታስመልሷት መጀመሪያ ጡቷን እዩ። የእናንተ ካልሆነች አትንዷት።