እትዬ ስትኮርፍ

ፓኒክፓክ ልጇን ስታጠባ የሰማ እንግዳ የምትቀልድ ይመስለዋል። «እማማ፣ ቀስ ብለው ይጥቡ እንጂ፤ ማን ያባርርዎታል?» ትለዋለች። ጠቢው ገና አራት ወር ያልሞላው፣ ጉንጩ የተነፋ፣ ጥርስ የሚባል ያላበቀለ ወንድ ልጅ ነው። ስሙ ግን ኡሉሪያክ ነው። ኡሉሪያክ ደግሞ ፓኒክፓክን ከአራስነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት አያቷ ናት፤ ታዲያ አያቷን «አንተ» ልትላት ኖሯል? እኔ አርናክም የሟቿ ታናሽ እህት ነኝና ሕፃኑን እትዬ ነው የምለው። በሰሜን፣ በረዶ አገር ባለችው በእኛ መንደር ሰው ሲሞት ስሙ ይጠብቃል፤ የተወለደ ልጅ ሲጠራበት ተመልሶ ይመጣል። ከዚህ በላይ አስረጂ ብባል አልችልበትም፤ እኔንም እናቴ አላስረዳችኝም።

የተነሳሁት ስለ ፓኒክፓክ ላወራ ነው። ለአያቷ የሰጠቻት ወላጅ እናቷ ናት፤ የአሮጊቷ ቤት ያለ ልጅ ጭር እንዳይል ብላ። እህቴ አማውቲ በምንለው፣ ጀርባው ላይ የልጅ ማዘያ ኪስ ባለው ካፖርቷ ውስጥ ከታት መንደሩን ስታዞራት ትውል ነበር። ልጅቷ አፏን የፈታችው «ሻይ» ብላ ነው ብል ማጋነን አይደለም። እህቴ ሻይ ወዳድ ነበረች፤ ስኳሩንማ አታንሱት። ጠጥታ ስታበቃ ከኩባያው ታች የሚቀረውን ስኳር ለፓኒክፓክ ታቀብላታለች፤ እሷም በጣቷ ጠርጋ ትልሳለች። ካገባች በኋላ ሳይቀር! «አንቺ፣ ነውር አታውቂም? ባልሽ እያየሽ እኮ ነው» ስላት፣ «ይየኝ፤ የኔ ድርሻ ነው» ትለኝ ነበር።

የእህቴ ባል ቃውናክ የታወቀ አዳኝ ነው፤ የታወቀ አርፋጅም ነው። ማታ እመለሳለሁ ብሎ የወጣ ሰውዬ በማግስቱ ነው የሚመጣው። እህቴ ታዲያ አትጮህ፣ አታለቅስ፤ በሩ ሲከፈት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቁጭ ነው። ቢለምናት፣ ቢያስቃት፣ ያደነውን የባሕር እንስሳ፣ አቆስጣውን፣ እግሯ ሥር ቢዘረጋላት ንቅንቅ የለም። ሻይ አፍልቶ፣ ስኳሩን አብዝቶ፣ ኩባያውን ከፊቷ ካላስቀመጠ በቀር አትዞርም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ! እኔ ብሆን ሻዩን በላዩ ላይ እደፋበት ነበር።

መንደራችን ውስጥ ማዋለጃ የለም። እርጉዝ ሁሉ ቀኗ ሲቃረብ በአውሮፕላን ወደ ደቡብ ትላካለች፤ እዚያ ሰው አገር ተኝታ ምጧን ትጠብቃለች። የፓኒክፓክም ተራ ደረሰ። ያን ጊዜ እህቴን ደረቷን ያማት ጀምሮ ነበር። እንደምንም ልትሸኛት ወጥታ የልጅቷን ሆድ ዳበስ ዳበስ አደረገችና፣ «እኔ ካልጠበቅኩሽም አብሬሽ እመለሳለሁ፤ ወንበር አስይዢልኝ» አለቻት። ሁላችንም ሳቅን። ቃውናክ ብቻ አልሳቀም፤ በረዶ ላይ የሚነዳውን ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

እህቴ ፀሐይ በማትወጣበት ወራት ሞተች። እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ለፓኒክፓክ ስልክ የደወልኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወለደችና በተራዋ እሷ ደወለችልኝ። «እማማ መጥተዋል» አለችኝ። የማን ስም ሊሰጠው ኖሯል! ቀጥ ብዬ ወደ መንደሩ ሬዲዮ ጣቢያ ሄድኩና ማይክራፎኑን ከተናጋሪዋ እጅ መንትፌ፣ «ኡሉሪያክ ተመልሳለች! የተቀየማችኋት ካላችሁ አሁኑኑ ታረቋት፤ መልስ መስጠት አትችልም!» ብዬ ለፈፍኩ።

አውሮፕላኑ ሲያርፍ ግማሹ መንደር ወጥቶ ነበር። ሰው ሁሉ ተራ እየጠበቀ ያችን ሚጢጢ እጅ ይጨብጣል። አንዱ ጎረቤታችን እህቴ ትሞትለት የነበረውን የአቆስጣ ዓይን በላስቲክ ቋጥሮ አመጣ።

«አንተ ጅል! በምን ጥርሷ ልትበላው ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

«በፊትስ መቼ ጥርስ ነበራት?» ብሎኝ አረፈው።

ፓኒክፓክ እያለቀሰች ሳቀች። ዓይኗ ግን ከሰው መሀል አንድ ሰው ይፈልግ ነበር። ቃውናክ አልመጣም።

ለካስ እኔ በሬዲዮ የለፈለፍኩ ዕለት ጓዙን ጭኖ፣ በረዶ ከሆነው ባሕር ማዶ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ጎጆው ሄዷል። ሻይና ጥይት ሲያልቅበት ወደ ሱቅ ይመጣል፤ በፓኒክፓክ ደጃፍ ሲያልፍ ሞተሩን እንኳን ቀዝቀዝ አያደርግም። እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ ታየዋለች። ያሳደጋት እሱ ነው፤ ሌላ አባት አታውቅም። አንድ ቀን፣ «አባባ ቂም ይዘውብኛል። እማማን ትቻቸው ሄጄ ነው የሞቱት» አለችኝ።

«የላኩሽ ሐኪሞች ናቸው፤ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር?» አልኳት።

አፍንጫዋን ሸብሸብ አደረገች፤ አይደለም ማለቷ ነው። «አባባ በእማማ ስም ካልጠሩት፣ እኔ ይሄን ልጅ ማን እያልኩ ነው የማሳድገው?» አለች። እውነቷን ነው። መንደሩ በሙሉ ኡሉሪያክ ቢለው፣ የእህቴ ባል ካላለ ነገሩ ጎዶሎ ነው።

ይህ ባይኖር ቤቱ ደስታ በደስታ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። የፓኒክፓክ ባል ጆአሲ፣ እህቴ በሕይወት ሳለች ቀና ብሎ የማያያት ዓይን አፋር ነው። አሁን የሽንት ጨርቅ ሲቀይር ፊቱን ወደ ጣሪያው ያዞርና፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ይላል። ሳያይ በዳበሳ ስለሚያስረው ሁልጊዜ ይፈታበታል። ፓኒክፓክ ደግሞ ስፌት አይሆንላትም፤ አያቷ ስትፈታባት፣ ስታሰፋት ነው የኖረችው። ሰሞኑን ለልጇ ትንንሽ የቆዳ ጫማ ልትሰፋ ተቀምጣ፣ «እማማ፣ ስፌቱ እንዴት ነው?» ብላ ወደ ፊቱ አስጠጋችለት። ልጁ አፍንጫውን ሸብሸብ አደረገ! የኔ ነገር፣ በሳቅ ልሞት። እሷ ግን መርፌዋን አንስታ የሰፋችውን ሁሉ ተረተረችና እንደገና ጀመረች።

እኔንም ቀሚሴን በሽንቱ አርሶኛል። ሌላ ልጅ ቢሆን እናቱን እሰድብ ነበር። ግን እኔ ራሴ በእህቴ ጀርባ ላይ ነው ያደግኩት፤ ስንት ጊዜ እንዳራስኳት እግዜር ይወቀው። «ግድ የለም እትዬ፣ አሁን ተራሽ ነው» አልኩት። ድዱን አሳይቶ ሳቀልኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እሷ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፀሐይዋ መግባት ትታ ሌሊቱም ቀን በሆነበት ሰሞን ትዕግሥቴ አለቀ። ሞተሬን አስነስቼ ማዶ ተሻገርኩ። ቃውናክ የሐይቁን በረዶ ቀዶ፣ ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ ገመዱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ዓሣ ያጠምዳል። እህቴን ካገባ ጀምሮ ስንሰዳደብ ነው የኖርነው፤ ካልተሰዳደብን አንግባባም።

«ገና አልሞትክም?» አልኩት።

«አንቺን ሳልቀብር?» አለ ቀና ሳይል። «በሞተርሽ ዓሣዬን አባረርሽብኝ።»

«ዓሣ ከአንተ ይሻላል። ቢያንስ ሲጠሩት ይመጣል።»

ከፔርሙዙ ሻይ ቀድቶ አቀበለኝ፤ ስኳር የሚባል የለበትም።

«ፓኒክፓክ፣ አባባ ቂም ይዘውብኛል ትላለች» አልኩት። «እማማን ትቻቸው ስለሄድኩ ነው ትላለች።»

ገመዱ እጁ ላይ ቆመ። «ማን? እኔ? በፓኒክፓክ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ስታልፍ መስኮት ላይ ቆማ ስትጠብቅህ ነው የማየው።»

ከዚያ ቀዳዳውን እያየ፣ «አርናክ፣ ሄጄ ባየውና እሷ ባትሆንስ?» አለኝ። «እናንተ ትስማላችሁ፣ ትስቃላችሁ። እኔ ግን ሃምሳ ዓመት ከጎኔ ነበረች። ፊቱን አይቼ ባዕድ ቢሆንብኝስ? አንዴ ቀብሬያታለሁ፤ ሁለተኛውን አልችለውም።»

አንጀቴን በላው። ያን ሁሉ ወር ስራገመው የከረምኩት ሰውዬ ለካ ፈርቶ ነው። «እሷ ስለመሆኗ አልምልልህም» አልኩት። «ግን አንተም እዚህ ተቀምጠህ አታውቀውም። ፓኒክፓክ ግን ያው ልጅህ ናት፤ እሷ ላይ ምን ጥርጣሬ አለህ?»

ልሄድ ስነሳ በረዶው ላይ ከተዘረሩት ዓሦች ትልቁን አንስቶ ሰጠኝ።

«ለፓኒክፓክ ነው። መረቁ ወተት ይጨምርላታል።»

«ማን ላከልሽ ልበላት?»

«ዓሣ ነው በያት» አለኝ። ግትር!

ዓሣውን ሳቀብላት ፓኒክፓክ ማን እንደላከው አልጠየቀችኝም። ከጭንቅላት እስከ ጭራው አገላብጣ አየችው፣ አፍልታ መረቁን ጠጣችና ከዚያ ወዲያ ከመስኮቱ አልጠፋችም። ብዙም አልቆየ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ወለሉ ላይ ክብ ሠርተን የቀዘቀዘ ሥጋ እየቆረጥን ስንበላ የበረዶ ሞተር ድምፅ መጣ። ደጃፉ ጋ ሲደርስ ቀዝቀዝ አለ። ቆመ። ጆአሲ ቢላዋውን እንደያዘ ቀረ።

ቃውናክ በረዶውን ከጫማው አራግፎ ገባና፣ በገዛ ልጁ ቤት ቆቡን በእጁ ይዞ እንደ እንግዳ በሩ ሥር ቆመ። ፓኒክፓክ ልጁን ብድግ አድርጋ ወደ እሱ አዞረችው።

«እማማ፣ ባለቤትዎ መጡ» አለች።

ልጁ ሽማግሌውን አየው። ሽማግሌውም ልጁን አየው። ከዚያ ልጁ ከንፈሩን ጣለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፓኒክፓክ ደንግጣ መለሰችው፤ አሁንም ዞረ። ለመንደሩ ሁሉ ድዱን የሚያሳይ ልጅ! «አባባ፣ እንቅልፉ መጥቶ ነው» አለች፤ እንባዋ ግን ቀድሟታል። እኔም በሆዴ፣ አለቀ፣ ሰውዬው አሁን ይወጣል፣ ዳግመኛም አይመለስም አልኩ። የቃውናክ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅስ መስሎኝ ልደግፈው ተነሳሁ። እየሳቀ ነው!

«አረፈድኩ!» አለ። «አርፍጄባት እኮ ነው! አርናክ፣ ተመልከቻት እስቲ፣ ተመልከቻት!»

ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ምድጃው ሄደ። ስኳሩ የት ነው ብሎ አልጠየቀም። ሻይ አፍልቶ ቀዳ፣ ስኳሩን በማንኪያ እየዛቀ ጨመረበት፣ አምጥቶ ወለሉ ላይ ከልጁ ፊት አስቀመጠው።

«ትኩስ ነው! አታስጠጋው፣ አንተ ደደብ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ። ተንበርክኳል።

«በቃ፣ በቃሽ» ይላል። «መንገዱ ከፍቶብኝ ነው። ኡሉሪያክ። ኡሉሪያክዬ። አፈላሁልሽ እኮ፤ ዙሪ።»

ዞረ። በድምፁ ይሁን በኩባያው እንፋሎት አልምልም፤ ግን ዞረ፤ ዓይኑንም ሽማግሌው ላይ ጣለ። ቃውናክ ጉንጩን በሻካራ ጣቱ ነካ አደረገለት። ከዚያ ኩባያውን አንስቶ ለፓኒክፓክ ዘረጋላት።

«አንቺን ደግሞ ምን ያስለቅስሻል?» አላት። «ታች ያለው ስኳር የማን ድርሻ ነው?»

በሁለት እጇ ተቀበለችው። ትኩሱን እፍ እያለች ጠጥታ ጨረሰችና፣ ባሏ እያያት፣ ጣቷን ኩባያው ውስጥ ከታ ጠረገች። ወደ አፏ ልትወስደው ስትል ቆም አለች። ጎንበስ ብላ የልጁን ከንፈር ነካ አደረገችበት።

«ዛሬስ እርስዎ ይቅመሱ፣ እማማ» አለችው።

ለአራት ወር ልጅ ስኳር! በሌላ ቀን ቢሆን ቤቱን በጩኸት አናጋው ነበር። ያን ዕለት ግን ዝም አልኩ።