ሰናይትን ኪኒኑ አልገደላትም

ልጄ ሰናይት ሞታለች። ይህን ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት፤ ውሸት የጻፍኩ እየመሰለኝ። ትናንት ከሰዓት ሆስፒታል ውስጥ ዓይኗን የከደንኩት በራሴ እጅ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን "ተነሺ፣ ታክሲ ያመልጥሻል" ብዬ በሯን አንኳኳሁ። ዝም ስትለኝ ተቆጣሁ።

ቀብሯ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ እንዲያነበው በስልኬ የምጽፈው አለኝ።

ድንኳኑ ውስጥ "የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ውጣ ነው የሞተችው" የሚል ወሬ ይዞራል። አንዷማ እየሰማኋት "ልጅ ልትገድል ስትል ራሷ ሞተች" አለች። ልጄ ከዚህ ወሬ ጋር አትቀበርም።

ሰናይት ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ባለችው ኮምፒውተር ቤት ለእስረኛ ቤተሰቦች ማመልከቻ ትተይብ ነበር። ሰው እያለቀሰ ሲያስረዳት አታቋርጥም። እኔ ግን እሷን ሁልጊዜ አቋርጣታለሁ። "እማ፣ ልጨርስልሽ" ትለኝ ነበር። አንድም ቀን አስጨርሻት አላውቅም።

ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። ስላላገባች ዓይነ ጥላ አለባት ብዬ አመንኩ። ጎረቤቴ አስካለም እንደዚያው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ በባዶ ሆዷ፣ እስክታስመልስ ድረስ ጸበል እናጠጣት ነበር።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ቅዳሜ "እማ፣ ዛሬ ይቅርብኝ" አለችኝ።

"ለምን?"

"ዛሬ ማስመለስ የለብኝም።"

አስካለ ሳቀች። "አየሽ ጌጤ፣ እንዳይወጣ ሲከላከል!"

"እትዬ አስካለ፣ በሞቴ፣ ለዛሬ ብቻ።"

"እሱ ነው የሚለምነኝ፣ አንቺ አይደለሽም" አለችና ጣሳውን ሞላችላት።

ጠጣች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሳፋው ላይ አስመለሰች። አስካለ እልል አለች። እኔም እልል አልኩ። ሰናይት ሳፋውን እያየች አለቀሰች፤ እኛ ሸክሙ የቀለላት መሰለን።

ሰሞኑን ደም ነካ ያደርጋት ነበር፤ ሆዷንም በአንድ በኩል ይወጋት ነበር። "የወር አበባዬ ተዛብቶ ነው" አለችኝ። ትናንት ጠዋት ልብስ እያጠበች ወደቀች። ላብ በላብ ሆና "ትከሻዬን፣ ትከሻዬን" ትላለች። መኪና መጥራት ሲገባኝ አስካለን ጠራሁ። ጸበል ረጨናት።

"ማን ነህ? ስምህን ተናገር!" አለች አስካለ።

"እኔ ነኝ" አለች ልጄ።

"አንተ ማን?"

"እኔ ነኝ፣ እማ። ሰናይት ነኝ።"

"በእሷ ድምፅ ሲያታልለን!"

እኔም "ልጄን ልቀቃት!" ብዬ ጮህኩባት። መልስ መስጠት እስክታቆም ድረስ ጠየቅናት። ስታቆም "እሰይ፣ ለቀቃት" ተባባልን።

ነጃት፣ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ሱቅ ያላት ጓደኛዋ፣ ከሥራ ስትቀርባት ልታያት መጣች። እኛን ገፍትራ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰደቻት፤ እኔም ተከተልኳት። ሆዷ ውስጥ ደም ሞልቶ ነበር። ቀዶ ጥገና ገባች፤ አልተረፈችም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። "ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ሳይሆን ቱቦው ላይ ነበር። ቱቦው ፈነዳ" አለችን። ያኔ ነጃት "ከሁለት ወር በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ወስዳ ነበር" አለቻት።

"እሱ ነዋ የገደላት!" አልኩ። ደስ ሳይለኝ አልቀረም። የምጠላው ነገር አገኘሁ።

"አይደለም፣ እናቴ። ኪኒኑ እንቁላል ቶሎ እንዳይወጣ ያዘገያል፤ እርግዝናው ገና እንዳይጀምር ነው። የተጀመረውን አያስወርድም። ሊያቅለሸልሽ፣ ራስ ሊያሳምም፣ ሊያደክም፣ የወር አበባን ቀን ሊያዛባ ይችላል። ይህ ያልፋል። ቱቦ ላይ እንዲረገዝ አያደርግም።" ከዚያ ወደ ነጃት ዞረች። "ያን ቀን አስመልሷት ነበር?"

ነጃት አየችኝ። "እትዬ፣ ልንገራት?"

ራሴ ነገርኳት።

ሐኪሟም ኪኒኑ በተዋጠ በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ እንደገና መውሰድ ያስፈልጋል አለችኝ። ይህን ነጃት ያኔውኑ ለሰናይት ነግራት ኖሯል። ኪኒኑን የሸጠላት የፋርማሲ ሰው ግን መጀመሪያ ስትጠይቀው ሰው ፊት ስቆባት ነበርና ሰናይት "ተመልሼ እዚያ አልገባም" ብላ ቀረች። "በትክክል ቢወሰድም ሁልጊዜ አይሠራም፤ እርግጠኛ መሆን አይቻልም" አለችኝ ሐኪሟ፣ ልታጽናናኝ።

አልተጽናናሁም። ጸበሉ ጥፋት የለበትም፤ የቀዳነው እኛ ነን።

ሴት ልጆች፣ ይህን ወሬ ሰምታችሁ ኪኒኑን አትፍሩ። ከወሰዳችሁ በኋላ የወር አበባችሁ ከሳምንት በላይ ከዘገየ ተመርመሩ። ሆዳችሁን ክፉኛ ከወጋችሁ፣ ደም ካያችሁ፣ ትከሻችሁን ካመማችሁ ወይም ካዞራችሁ "ኪኒኑ ነው፣ ያልፋል" ብላችሁ አትተኙ። ሆስፒታል ሂዱ። እናታችሁ እንደ እኔ ከሆነች ሳትነግሯት ሂዱ።

አስካለ አሁን ድንኳኑ ውስጥ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ታለቅሳለች። የኪኒኑን ወሬ የጀመረችው እሷ ናት። ለእኔም ብላ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም እሱን ይዤ ብቀመጥ ይቀለኝ ነበር።

ሰናይት፣ ልጄ። ይቅር በይኝ አልልሽም። እምቢ ማለት የማይችል ሰውን ይቅርታ መጠየቅ ቀላል ነው። ጥቂት ቆይተው ይወስዱሻል። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይዘው ይደግፉኛል፤ ይህን ያነበቡትም፣ ያላነበቡትም። ልጇን የምትቀብር እናት ነኝና ማንም እጄን አይለቅም። እኔም ዝም ብዬ እደገፋለሁ።

ደህና ሁኚ።