ባለገበሩ ዲስክ

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነው። እሱን ከጠየቃችሁት ግን ኤዲተር ነው፤ ልብስ የሚሰፋው ለእንጀራው ነው። በክፍሉ በግራ የስፌት መኪናው፣ በቀኝ ኮምፒውተሩ አለ፤ እሱ መሃል ላይ በባለጎማ የቢሮ ወንበር ወዲያና ወዲህ እያለ ሁለቱንም ያስኬዳል። የቤተሰባችንን ሠርግና ልደት ሁሉ የቀረጸውም የቆረጠውም እሱ ነው። መቁረጥ ላይ ደግሞ ምሕረት የለውም። ዝም ያለ ሰው ለፎቶ እንጂ ለቪዲዮ አይሆንም ባይ ስለሆነ፣ በእሱ ፊልም ላይ ዘመዶቼ የሚያወሩት ትንፋሽ ሳይወስዱ ነው።

የእኔንም ሠርግ እንዲሁ አደረገው። አባቴ ሊናገር ተነስቶ ድምፁ አልወጣ ብሎት ብዙ ቆሞ ነበር። ፊልሙ ላይ ግን ብድግ አለ፣ "ደስ ብሎኛል ልጄ" አለ፣ ቁጭ አለ። ያኔ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

አባቴ አምና አረፈ። እናቴ አንድ ቀን ፊልሙን ከፍታ አየችና ወንድሟን አስጠራችው።

"ዝም ያለበትን የት አደረግከው?"

"የቱን እትዬ?"

"ቆሞ ያየንን። እኔ የማስታውሰው እሱን ነው። ፊልምህ ላይ የለም።"

አጎቴ ሲያፍር ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ አውርዶ ያገላብጣታል። አገላበጣት። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ዕቃውን ሁሉ ሲያተራምስ ውሎ፣ ሠርጉ ሳይቆረጥ ያለበትን የካሜራውን ካሴት ከአዝራር ማስቀመጫ ቆርቆሮው ሥር አገኘው። ደስታዬን አልደብቅም፤ እኔም አባቴ ናፍቆኝ ነበር።

እናቴ አንዲት ነገር እንዳይቆረጥ አዘዘች። ሳይቆረጥ ደግሞ ከርዝመቱ የተነሳ ተራ ዲስክ ላይ አይገባም፤ እሷም ከአሮጌ ዲስክ ማጫወቻዋ ሌላ ዕቃ አታምንም። የቀረው ባለሁለት ንብርብሩ ዲስክ ነው። "ገበር እንዳለው ኮት በይው" አለኝ አጎቴ፤ "አንዱ ሲሞላ ወደ ገበሩ ይሻገራል። ሲሻገር ምስሉ አንድ ሰከንድ ቀጥ ይላል። ሙያው ያቺን ስፌት መደበቅ ነው።"

ከዚህ ዓይነቱ ባዶ ዲስክ ሁለት ነበረው፤ ሱቆቹ ማምጣት ካቆሙ ቆይተዋል። በመጀመሪያው ላይ መሻገሪያውን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲመርጥ ተወው። ኮምፒውተሩም "ደስ ብሎኛል" እና "ልጄ" መሃል ላይ ጣደው። አባቴ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። አጎቴ ዲስኩን አወጣና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው።

አሁን አንድ ቀረ። መሻገሪያው የግድ ፊልሙ አጋማሽ አካባቢ መሆን አለበት፤ እዚያ አካባቢ ደግሞ ሰው ሁሉ ያወራል። ጸጥታ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አባቴ ዝም ያለበት።

"እሱን እንዳልነካ ነበር የተባልኩት" አለ አጎቴ።

"ሌላ ቦታ ከሌለስ?" አልኩት።

እርሳሱን አገላበጠ። ከዚያ ምልክቱን ዝምታው መሃል አደረገ። ፊልሙ ዲስኩ ላይ ተቀድቶ እስኪያልቅ በነበረው ግማሽ ሰዓት ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ ብሎ የስፌት መኪናውን አልነካም፤ እኔንም በእግሬ ጣቶች እንድራመድ አደረገኝ። ሱሪውን ሊወስድ ለመጣ ደንበኛ በሩን እንኳ አልከፈተለትም።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ተቀመጥን። አባቴ ተነሳ። አየን። ዝም አለ። መሃል ላይ ምስሉ ቀጥ አለ፣ ቀጠለ። አጎቴ አንገቱን ደፋ።

"እዚህ ጋ ምን አደረግክ?" አለች እናቴ።

"አልቆረጥኩም እትዬ ሙች። ዲስኩ ሲሻገር ነው። አንድ ሰከንድ ይጨምራል።"

"ይጨምራል?"

"አዎ።"

እናቴ ሪሞቱን አንስታ ወደ ኋላ መለሰችው።

"እስቲ ይጨምርልኝ" አለች።