የአንኮበሯ ስልከኛና የሦስት ደቂቃው ሰላምታ

በስልክ ማገናኛው ሰሌዳ ላይ ካሉት ትናንሽ የቆርቆሮ ክዳኖች አንዷ ቀጭ ብላ ስትወድቅ ስልከኛዋ አልታየች ቀና አትልም፤ ግራ እጇ ቀድሞ ሄዷል። ገመዱን ትመዝና ክዳኗ በወደቀችበት ቀዳዳ ትሰካለች። ቁልፉን በአውራ ጣቷ ወደ ራሷ ስባ «አንኮበር» ትላለች፤ ታዳምጣለች። የገመዱን ጥንድ ደብረ ብርሃን መስመር ላይ ሰክታ በቀኝ እጇ እጀታውን ታሾራለች። ወዲያ ማዶ ሲነሳ ክዳኗን በጥፍሯ ገፍታ ትመልስና ዓይኗን የግድግዳው ሰዓት ላይ ትተክላለች። ሦስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ተረኛው።

በዚህ ሁሉ አትሳሳትም። የሚሳሳተው ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ደዋይ ነው። የመስመር ሠራተኛ ስለሆንኩ የባትሪ ድንጋይ ልቀይር በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ። አንዱ መነጋገሪያውን ዘቅዝቆ ይዞ ከሽቦው ጋር ያወራል። ሌላው ባርኔጣውን አውልቆ ለግድግዳው እጅ ይነሳል። አዲስ አበባ ሩቅ ነው ብሎ የሚጮኸውማ ስፍር የለውም። እንዲህ መጮህ ከቻለ ስልኩ ምን አደረገለት?

አባቷ ቄስ ወልደ ሰንበት ዳዊት አስደግመው ነው ያሳደጓት። ቴሌ ስትቀጠር «ከማታይው ሰው ጋር ስታወሪ ልትውይ ነው?» ብለው ተቆጡ። «አባባ፣ እርስዎስ ሰዓታት ሲቆሙ የሚያነጋግሩትን ያዩታል?» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ አልተነሳም። ባሏ ሞተ፤ ልጆቿን በዚያችው ወንበር አሳደገች። ንጉሡ ወርደው ደርግ መጣ፤ «እመቤት» ይሏት የነበሩት «ጓድ» ማለት ጀመሩ። ጩኸታቸው ግን ያው ነው።

ባለፈው ክረምት ሥልጠና ላይ አስተማሪያችን የስልክን እድገት ዘረዘረልን። መጀመሪያ እጀታው የሚሾር፤ ቀጥሎ ቁጥር እየተዞረ ያለ ስልከኛ የሚያገናኝ፤ አሁን ደግሞ ውጭ አገር ሽቦ የሌለው፣ ሰው በመኪናው ይዞት የሚሄድ። «ነገ ኪስ ውስጥ ይገባል» አለን። ለአልታየች ነገርኳት።

«ኪስ ውስጥ?» አለች። «ግድግዳ ላይ በምስማር ተመትቶ እንኳ መቼ ቻሉበት!»

በዚያው ሰሞን ዓወል የሚባል ገበሬ ከአልዩ አምባ አቀበቱን ወጥቶ መጣ። ልጁን ሰሊሃን እብድ ውሻ ነክሷት በበቅሎ ጭኗታል። ጤና ጣቢያው ቁስሏን አጥቦ «መርፌው እኛ ዘንድ የለም፤ ከደብረ ብርሃን ዛሬውኑ ይምጣ» አለው። ከደብረ ብርሃን የምትመጣው መኪና ቀትር ላይ ትነሳለች፤ ካመለጠች እስከ ገበያ ቀን ሌላ የለም። ዓወል እዚያ ፈረጅ የሚባል ነጋዴ የአጎት ልጅ ስላለው አልታየች አስጠራችለት። ፈረጅ ደብረ ብርሃን ስልክ ቤት ቀረበ። እሷም፣ ባትሪ ልቀይር የሄድኩት እኔም እንሰማለን።

«አሰላሙ አለይኩም!»

«ወአለይኩሙ ሰላም! ዓወል! ደህና ነህ ወይ?»

«አልሐምዱሊላህ! አንተስ? ኩብራስ? ልጆቹስ?»

«አልሐምዱሊላህ። አባባስ? ከብቱስ? ቆላው ዝናብ አገኘ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አገኘ።»

«ሰሊሃስ?»

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።»

ልጅቱ እኮ ከኋላው አግዳሚው ላይ እግሯ ታስሮ ተኝታለች! ክፉ ወሬ ከሰላምታ አይቀድምማ። ሰላምታው ያልቃል፣ ሰው አረፍ ይላል፣ ከዚያ «እንዲያው አንዲት ነገር...» ይባላል። ፊት ለፊት ሲሆን ያስኬዳል፤ ስልክ ላይ ግን ቂልነት ነው።

«እንግዲህ ሁላችሁ ደህና ከሆናችሁ ሰላም በልልኝ» አለ ፈረጅ። ዘጋው።

ዓወል መነጋገሪያውን እንደያዘ ቀረ። ከኋላው ጓድ ገብረአብ፣ ሁልጊዜ «ሁሉ ሰላም ነው» ብሎ ለማስታወቅ ብቻ መስመሩን የሚይዘው ካድሬ፣ ተንጠራራ።

«ጓድ አልታየች፣ ተራው የእኔ ነው!»

«እርስዎንም ውሻ ነክሶዎታል?» አለችው። እጀታውን ታሾራለች።

«ይርጋለም! አሁን የወጣውን ሰውዬ ያዢው! ከበር ሆነሽ ጩሂ! ልጅቱን እብድ ውሻ ነክሷታል። መርፌውን ከሐኪም ቤት ተቀብሎ ለአንኮበሩ ሾፌር ይስጥ። ቀትር ሳይሆን! በይ!»

ይርጋለም የደብረ ብርሃኗ ስልከኛ ናት። ለዓመታት በየቀኑ ይነጋገራሉ፤ ያን ቀን ግን ደህና ዋልሽ አላለቻትም።

ፈረጅን መንገድ ላይ ደረሱበት። ሾፌሩ እየተነጫነጨ ጠበቀ። መርፌው በበረዶ ተጠቅልሎ ማምሻውን ገባ፤ ሰሊሃም ከዚያ ማታ ጀምሮ በየቀኑ ተወጋች፤ ዛሬም በሕይወት አለች።

ዓወል ሊያመሰግን ቆሞ «እትዬ፣ ቀድሜ ብነግረው ይደነግጣል ብዬ እኮ ነው» አለ።

«ይደንግጣ! ሰው ደንግጦ አይደል የሚሮጠው?»

ስለ እሷ ልጽፍ መሆኔን ስነግራት ፎቶግራፍም ሙገሳም አልፈለገችም። የጆሮ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አውርዳ «እንግዲያውስ የሚያነቡትን ለምንልኝ» አለች። «ስልኩን ስታነሱ መጀመሪያ የደወላችሁበትን ጉዳይ ተናገሩ፤ የከብቱን ደህንነት በደብዳቤ ትጠያየቃላችሁ። እባካችሁ፤ ከኋላችሁ ሰው ቆሟል።»